ከፍላሽ ወደ ሰርቨር፦ የቁጠባ መዝገባችንን እንዴት አዛወርን?

(በዓመታዊው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ በሦስቱ ከተሞች መዝጋቢዎች የቀረበ ንግግር)



ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ሥራችሁን አቋርጣችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ልጅ አዝላችሁ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። ዛሬ እንድንናገር የታዘዝነው ስለ ኮምፒውተር ነው። «እኛን ምን አገባን?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ነገሩ ግን የኮምፒውተር ብቻ አይደለም። በየሳምንቱ ከጉሯችሁ ቀንሳችሁ የምታስቀምጡት ገንዘብ የት እንደተጻፈ፣ ማን እንደሚያየው፣ ቢጠፋስ ከየት እንደሚገኝ የሚመለከት ነው። ስለዚህ ታገሡን፤ ያጠፋነውንም ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።

የነበረው መዝገብ

ማኅበራችን ሲጀመር መዝገቡ ደብተር ነበር። አባላት ሲበዙ አክሰስ በሚባለው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ዳታቤዝ አሠራን። ዳታቤዝ ማለት በሥርዓት የተሰመረ ትልቅ መዝገብ ነው፤ የአባል ስም፣ የቡድን ስም፣ ቁጠባ፣ ብድርና ክፍያ በየዓምዱ ይጻፍበታል። አክሰስ ለአንድ ቢሮና ለአንድ መዝጋቢ ጥሩ ዕቃ ነው። ብዙ ዓመት አገልግሎናል፤ አናማውም።

ችግሩ እኛ ሦስት ከተማ ላይ መሆናችን ነው። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ። ሦስቱም በአንድ የሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ቢሆኑም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ አዲስ አበባ ገብቶ መውጣት ነው። የሱሉልታዋ መዝጋቢ በአዲሱ ገበያ፣ የቡራዩዋ በአስኮ፣ የሰበታዋ በአየር ጤና በኩል እየመጣን፣ በወር አንድ ጊዜ ፋይላችንን በፍላሽ ይዘን እንገናኝ ነበር። ከዚያ ሦስቱን ፋይሎች አንድ እናደርጋለን። እናደርጋለን ስንል ግን በእጅ እየገለበጥን ነው። ሁለት ፋይሎች አንድ ስም ሲይዙ በኋላ የተገለበጠው የፊተኛውን ያጠፋዋል። ይህንን ያወቅነው ከተጎዳን በኋላ ነው።

አንዲት የሱሉልታ እናታችን ወተት ሸጠው ብድራቸውን የሚከፍሉ ናቸው። በቡድናቸው ስብሰባ ላይ «የሦስት ወር ውዝፍ አለብዎት» ብለን በሰው ፊት ነገርናቸው። እሳቸው ምንም አልመለሱም። ከነጠላቸው ጫፍ የቁጠባ ደብተራቸውን ፈትተው አወጡ። ሦስቱም ክፍያ ተጽፏል፤ ከጎኑ የፈረምነውም እኛው ነን። ውዝፉ የእሳቸው አልነበረም፤ የተገለበጠው ፋይል ነበር። ይቅርታ ጠይቀናቸዋል፤ ይቅርም ብለውናል። በዚያ ቀን ግን ሌላ መንገድ መፈለግ እንዳለብን ገባን።

በመጀመሪያ አቋራጭ ሞከርን። ፋይሉን በኢንተርኔት ከሦስታችን ኮምፒውተር ጋር ራሱን በሚያመሳስል ማኅደር ውስጥ አስቀመጥነው። ይህ ለፎቶና ለደብዳቤ ይሆናል፤ ለአክሰስ ፋይል ግን አይሆንም። ሁለት ሰው በአንድ ሰዓት ሲከፍተው ሁለት የማይስማሙ ቅጂዎች ይፈጠራሉ፤ መሐል ላይ ኔትወርክ ሲቋረጥም ፋይሉ ይበላሻል። አንድ ቀን ጠዋት ጭራሽ አልከፈት አለን። ባለፈው ሳምንት የቀዳነው ቅጂ ባይኖር ኖሮ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው በሆንን ነበር።

ሰርቨር ማለት ምን ማለት ነው?

የእድራችሁን ዕቃ ቤት አስቡ። ድስቱንና ብርጭቆውን የፈለገ ሁሉ ገብቶ ቢያነሳ በሦስተኛው ለቅሶ ምንም አይተርፍም። ስለዚህ ዕቃ ቤት ያዥ አለች። በር ላይ ሆናችሁ የምትፈልጉትን ትነግሯታላችሁ፤ እሷ አውጥታ ትሰጣችኋለች፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደወሰደ ትጽፋለች። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ቢመጣ ተራ ታስይዛለች።

የአክሰስ ፋይል ያዥ የሌለው ዕቃ ቤት ነው፤ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ራሱ ገብቶ ይጽፋል። የዳታቤዝ ሰርቨር ግን ዕቃ ቤት ያዥዋ ናት። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጥያቄ እንልካለን፤ መዝገቡን የምትነካው እሷ ብቻ ናት። መንገድ ላይ ኢንተርኔት ቢቋረጥ የሚጠፋው ያ አንድ ጥያቄ ነው እንጂ መዝገቡ አይደለም።

ሌላም ጥቅም አላት። ብድር ስንሰጥ ሁለት ነገር ይጻፋል፤ ከቡድኑ ሣጥን ገንዘቡ ይቀነሳል፣ በተበዳሪዋ ስም ዕዳው ይመዘገባል። አንዱ ተጽፎ ሌላው ሳይጻፍ መብራት ቢጠፋ ሒሳቡ ይዛባል። ሰርቨሯን «ወይ ሁለቱንም፣ ወይ አንዱንም» ብለን ልናዝዛት እንችላለን። ግማሹን ጽፋ ካቋረጠች ወደ ነበረበት ትመልሰዋለች።

የመረጥነው ፖስትግሬስኪውኤል የሚባለውን ነው። ነፃ ነው፤ የፈቃድ ክፍያ የለውም። የምንከፍለው ሰርቨሩ ለተቀመጠበት ቦታ ኪራይ ነው። መጀመሪያ ያሰብነው ውጭ አገር ያለ ሰርቨር ለመከራየት ነበር። ኪራዩ በዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር በላይ መግባቱን ታስታውሳላችሁ። የእናንተን ቁጠባ የሚጠብቅ ነገር ኪራዩ በአንድ ወር እጥፍ እንዲሆን አልፈለግንም። ስለዚህ አገር ውስጥ፣ በብር የሚከፈልበትን ያዝን።

ከማዛወር በፊት ማጽዳት

ሰዎች የሚከብደው ማዛወሩ ይመስላቸዋል። ማዛወሩ አንድ ቅዳሜና እሑድ ፈጀ። ማጽዳቱ ግን አራት ወር ነው የፈጀብን። ቤት ስንቀይር ከአልጋ ሥር የማይወጣ ነገር እንደሌለ ሁሉ፣ ከመዝገባችንም ብዙ ነገር ወጣ።

አንደኛው ስም ነው። እኛ ሀን፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን በአንድ ድምፅ እናነባለን። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ያለው ልዩ ፊደል ነው። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሀይ» ለእሱ ሦስት ሴቶች ናቸው። ኦሮምኛ ስም ያላቸው እህቶቻችን ደግሞ መታወቂያቸው ላይ በቁቤ ተጽፎ፣ እኛ ወደ አማርኛ ፊደል ስንመልሰው አንዷ መዝጋቢ «ጫልቱ»፣ ሌላዋ «ጨልቱ» እያለች ጽፋለች። በዚያ ላይ የአባት ስም የሚመሳሰልም አለ።

እዚህ ላይ የሚከብድ ነገር እንንገራችሁ። ከሰበታ ቡድኖች አንዷ እህታችን በሞት ተለይታናለች። ቁጠባዋን ለልጆቿ ሰጥተን ሒሳቡን ዘግተን ነበር። ስሞችን ስናጸዳ ያችው እህታችን በሌላ ፊደል ሁለተኛ ቦታ ተመዝግባ አገኘናት። የመጨረሻዎቹ ወራት ቁጠባዋ ያለው እዚያ ላይ ነው። ማንም አልሰረቀም፤ ገንዘቡም ከሣጥን አልወጣም። ነገር ግን ልጆቿ የእናታቸውን ገንዘብ አላገኙም፤ እኛም አናውቅም ነበር። ደብተሩን ይዘን ዓለም ገና ቤታቸው ሄደን ሰጠናቸው። ትልቋ ልጅ ገንዘቡን ሳትቆጥር አስቀመጠችና የእናቷን ፊርማ ብቻ አየች።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዷ አባል የራሷ ቁጥር አላት። ስም ሊሳሳት ይችላል፤ ቁጥሩ አይደገምም። «የፋይዳ ቁጥር ለምን አትጠቀሙም?» ያላችሁን ነበራችሁ። ያኛው 12 አሐዝ ቁጥር ለሌላ ብዙ ጉዳይ የሚያገለግል ነው፤ በየቡድኑ ወረቀት ላይ ተጽፎ እንዲዞር አልፈለግንም። የእኛ ቁጥር ከማኅበሩ ውጭ ለማንም አይጠቅምም፤ ለዚህ ነው የመረጥነው።

ሁለተኛው ፊደሉ ራሱ ነው። የድሮዎቹ መዝገቦች ዩኒኮድ ባልሆነ የአማርኛ ፎንት የተጻፉ ነበሩ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ በአሮጌ ፎንቶች መጻፍ ግን ከዚያ በኋላም ብዙ ቆይቷል። በዚያ ፎንት የተጻፈ ስም ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ወደ ሰርቨሩ እንዳለ ብንልከው ኖሮ ስማችሁ በዚያው ይቀር ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ቀይረን፣ እያንዳንዱን በዓይናችን አንብበን ነው የላክነው።

ሦስተኛው ቀን ነው። አክሰስ የሚያውቀው የፈረንጆችን አቆጣጠር ነው። እኛ ግን ቀኑን በእኛው አቆጣጠር እንሞላበት ነበር። ጥቅምት 30 ስንጽፍ «ሁለተኛ ወር 30 ቀን የለውም» ብሎ ይመልስልናል፤ የካቲታቸው፣ ፌብሩዋሪ ማለት ነው፣ 30 የለውምና። ያኔ መዝጋቢዋ 28 ብላ ታልፋለች። ከዚህ የባሰው ጳጉሜ ነው። ጳጉሜ 5ን 5/13 ብለን ስንጽፍ፣ አክሰስ 13ኛ ወር እንደሌለ ስለሚያስብ ሳይጠይቀን ቀኑንና ወሩን ያገላብጠዋል። አምስተኛው ወር ላይ 13ኛው ቀን ያደርገዋል። ስናነበው ጥር 13 ነው። በጳጉሜ የከፈለች ሴት ከስምንት ወር ገደማ በፊት የከፈለች ትመስላለች፤ ከነዚህ አንዳንዶቹ ብድሩን ከመውሰዳቸው በፊት የመለሱ ሆነው ተገኙ! አሁን የእኛን ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት ለየብቻ በሦስት ዓምድ እንጽፋለን፤ የፈረንጁን ቀን ፕሮግራሙ ራሱ አስልቶ ከጎኑ ያስቀምጣል።

የማዛወሩ ሥራ

በማዛወሩ ጊዜ ቅደም ተከተሉን ጠበቅን። መጀመሪያ ባዶ ሠንጠረዦችን ሰርቨሩ ላይ ሠራን። ቀጥሎ ቡድኖችን፣ ከዚያ አባላትን፣ ከዚያ ብድሮችን፣ መጨረሻ ላይ ክፍያዎችን አስገባን። ይህ ቅደም ተከተል ምክንያት አለው። ሰርቨሯ «ባለቤት የሌለው ክፍያ አልቀበልም» እንድትል አድርገናታል። በአክሰሱ ግን ይህንን ጥብቅ ማድረግ ትተን ስለነበር ብድሩ የጠፋ፣ ክፍያው ግን የቀረ አሥራ አንድ መስመር አገኘን። አንድ በአንድ ከወረቀት ደረሰኝ ጋር አመሳክረን ባለቤታቸውን አገናኘናቸው።

ትንሽ የሚመስሉ ነገሮችም ነበሩ። በአክሰስ «አዎ» የሚለው ምልክት ውስጥ ለውስጥ የሚቀመጠው ከዜሮ በታች አንድ ሆኖ ነው፤ በሌላው ዘንድ እንደዚያ አይደለም። ሳናስተካክል ብንልከው «ብድሯን ጨርሳለች» የሚለው ምልክት ይምታታ ነበር። የገንዘቡንም ዓምድ ግምታዊ ቁጥር በሚይዘው ዓይነት ሳይሆን፣ ሳንቲሙን እቅጩን በሚይዘው ዓይነት ሠራነው።

የምታዩት ገጽ አልተለወጠም። መዝጋቢዎቻችን የለመዱት የአክሰስ ቅጽ እንዳለ ነው፤ ከኋላው ያለው መዝገብ ብቻ ነው ወደ ሰርቨሩ የተዛወረው። ቅጹ ኦዲቢሲ በሚባል ማገናኛ ከሰርቨሩ ጋር ይነጋገራል። በመጀመሪያው ሳምንት ግን አንድ ስም ለመክፈት ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። ለካ ቅጹ ሲከፈት የሁሉንም አባላት መዝገብ ከሰርቨሩ ጠርቶ ያመጣል። ፋይሉ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ሳለ ይህ አይታወቅም፤ በሞባይል ኢንተርኔት ግን ጉድ ነው። አሁን መጀመሪያ የአባል ቁጥር እንጠይቃለን፤ የሚመጣው የዚያች አባል መስመር ብቻ ነው። እናንተም ወረፋ አትጠብቁም፤ የኢንተርኔት ወጪውም ቀነሰ።

አሮጌውን ወዲያው አልዘጋንም። ሁለት ወር ሙሉ በሁለቱም ላይ ጻፍን። ድካሙ እጥፍ ነበር፤ በየቅዳሜው ግን የእያንዳንዱን ቡድን ድምር ከሣጥኑና ከደብተሩ ጋር አስተያየን። አዲስ ሥርዓት ሳይፈተሽ ሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚያመጣ ሁላችንም አይተናል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በአገራችን ትልቁ ባንክ፣ በንግድ ባንክ፣ በሥርዓቱ ላይ ባጋጠመ ችግር ሰዎች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣት ችለው ነበር። በእንዲህ ያለ ባንክ የደረሰ በእኛ ላይ አይደርስም ማለት ድፍረት ነው። ስለዚህ ስምንት ቅዳሜ በተከታታይ ድምሩ ሳንቲም ሳይዛነፍ እስኪገጥም ድረስ አልተጣደፍንም።

ማን ያያል? ማን ይጽፋል?

ብድር ገመና ነው። ማን ለልጅዋ ሕክምና፣ ማን ለኪራይ እንደተበደረች ጎረቤት ሊያውቅ አይገባም። ባሏ እንዳያውቅባት የምትቆጥብም አለች፤ እናውቃለን። ያ ፍላሽ በታክሲ ሲመላለስ የሁላችሁም ገመና በአንድ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ቢሰረቅ ማንም ከፍቶ ያነበው ነበር።

አሁን እያንዳንዷ መዝጋቢ የራሷ መለያና የይለፍ ቃል አላት። የሰበታዋ የሰበታን ብቻ ታያለች። ኦዲተሮች ሁሉንም ያያሉ፤ መጻፍ ግን አይችሉም። ማንም ክፍያን መሰረዝ አይችልም፤ ስሕተት ካለ የማስተካከያ መስመር ይጻፋል፤ ማን እንደጻፈችውም ይታያል። ሰርቨሩም ለመላው ኢንተርኔት ክፍት አይደለም። ከሦስቱ ቢሮዎች የሚገባው ቪፒኤን በሚባለው የተመሰጠረ መንገድ ብቻ ነው።

ይህ የእኛ ፍላጎት ብቻ አይደለም፤ ሕግም አለው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ እንዲጠብቀውና ለሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲያውለው ያዝዛል። ስለዚህ ስለ እናንተ የተጻፈውን ማየት መብታችሁ ነው። ጠይቁን።

ኢንተርኔት ሲጠፋስ?

ይህንን የጠየቁን እናቶች ልክ ናቸው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ እንደነበር አንረሳም። ያኔ መዝገባችን ሰርቨር ላይ ቢሆን ኖሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ አናየውም ነበር። መብራትም በየጊዜው ይሄዳል።

ስለዚህ የወረቀት ደብተራችሁ አይቀርም። መጀመሪያ የሚጻፈው እሱ ላይ ነው፤ ፊርማውም እዚያው ነው። ኮምፒውተሩ ይከተላል። በየሳምንቱ ዓርብ የየቡድኑን ዝርዝር አትመን በየቢሮው እንቆልፋለን። ኔትወርክ ሲጠፋ ከዚያ ላይ እያየን በቁጥር በተያያዘ ደረሰኝ እንሠራለን፤ ሲመለስ በደረሰኙ ተራ እናስገባለን።

የሰርቨሩ ቅጂ በየሌሊቱ ይወሰዳል። አንዱ ቅጂ እዚያው፣ ሌላው በሌላ ቦታ ይቀመጣል። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ቅጂውን በባዶ ኮምፒውተር ላይ ከፍተን እናያለን። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ አለን ማለት፣ ተከፍቶ ያልታየ ጎተራ ሙሉ ነው እንደ ማለት ነው። አይጥ በልቶት እንደሆነ የሚታወቀው በክረምት ነው።

ከእናንተ የምንፈልገው

አሮጌውን የአክሰስ ፋይል ለመጨረሻ ጊዜ ልንዘጋው ነው። አንጥለውም፤ ማንም እንዳይጽፍበት አድርገን ለማስረጃ እናስቀምጠዋለን። ከመዝጋታችን በፊት ግን አንድ ነገር ቀርቷል፤ እሱን ደግሞ እኛ ብቻችንን መጨረስ አንችልም።

እያንዳንዳችሁ በሚቀጥለው የቡድናችሁ ስብሰባ የቁጠባ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ። ከሰርቨሩ የታተመውን ወረቀት እንሰጣችኋለን። ማንበብ የምትችል ራሷ ታንብብ፤ ማንበብ የማትችል የምታምናትን ይዛ ትምጣ። ስማችሁን፣ ቁጠባችሁን፣ ብድራችሁንና የመጨረሻውን ክፍያ አስተያዩ። ልዩነት ካለ ደብተራችሁ ይጸናል። ይህንን ኮሚቴው ወስኗል፤ በቃለ ጉባኤም ሰፍሯል። በደብተሩ ላይ የተጻፈው ለእናንተ የሚያንስ ከሆነና ኮምፒውተሩ ካበለጠ ግን፣ እስኪጣራ ዝም አትበሉ፤ ያ ትርፍ የሌላዋ እህታችሁ ሊሆን ይችላል።

የሞተች አባል ቤተሰብ የምታውቁ ንገሩን። ወደ ዓረብ አገር የሄደች፣ ሰፈር የለቀቀች፣ ደብተሯን ለእናቷ ትታ የሄደች ካለችም ንገሩን። በሸገር አደረጃጀት ምክንያት የወረዳችሁ ስም የተለወጠባችሁም አዲሱን አስመዝግቡ፤ አሮጌው አድራሻ ማንንም አያገናኝም።

መጀመሪያ ላይ ስለነገርናችሁ የሱሉልታ እናት እንጨርስ። ባለፈው ወር አዲሱ ወረቀት ሲታተም መጀመሪያ ያሳየናቸው እሳቸውን ነው። መነጽራቸውን አድርገው ከደብተራቸው ጋር መስመር በመስመር እያስተያዩ ሃያ ደቂቃ ቆዩ። ሁሉም ገጠመ። ከዚያ ደብተሩን መልሰው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩትና «እናንተም ያዙ፣ እኔም እይዛለሁ» አሉን።

እኛም የምንላችሁ ይህንኑ ነው። ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ።